የእናቴ ጆሮ

እናቴ አእምሮዋን እየሳተች መሆኑን ከቤተሰቡ ሁሉ ቀድሜ ያወቅሁት እኔ ነበርኩ። አሥር ዓመቴ ነበር፤ ሰው ሁሉን አውቃለሁ የሚልበት ዕድሜ። ደግሞ ዝም ብዬ ከመሬት ተነሥቼ አልነበረም የደመደምኩት። ምልክቶቹን አውቃቸዋለሁ። የእናቴ እናት፣ ባባ፣ ያለፈችበት መንገድ ነው። ከባባ ጋር አንድ ክፍል እተኛ ስለነበር ነገሩ ሲጀምራትም ሲብስባትም ያየሁት ከማንም በቅርብ ነው።

ባባን የጀመራት በዕቃ ነው። ሻሿን ምድጃ ውስጥ ከትታ ቀኑን ሙሉ ስትፈልገው ትውላለች። የጸሎት መጽሐፏን ከዱቄቱ በርሜል ቆፍረን አወጣን። የቤቱን ቁልፍ ሾርባ ድስት ውስጥ አገኘነው፤ ያን ቀን ሁላችንም ሳቅን፣ እሷም አብራን ሳቀች። ከዚያ አንድ ሽማግሌ ሐኪም ከከተማ መጣ። ወጥ ቤት ጠረጴዛው አጠገብ አስቀምጧት ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው፣ ዓመቱስ፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ማን ይባላል እያለ ጠየቃት። ባባ ትክ ብላ አይታው፣ "አንተ ተምረህ ያላወቅኸውን እኔ ከየት ላውቀው ነው ልጄ?" አለችው። ሐኪሙም ፈገግ አለ። ብዙም ሳይቆይ ግን ሻንጣዋ ተዘጋጅቶ ወደ አረጋውያን መኖሪያው ተወሰደች። የእናቴ እህት አክስቴ ስቴላ በዚያ ሰሞን አንድ ነገር ተናግራ ነበር፤ ይህ ነገር በዘር ይሄዳል ይላሉ ብላ። እኔ በር ሥር ቆሜ ሰማሁ። ከዚያ ወዲህ እናቴን በዓይኔ እጠብቃት ጀመር።

ፒያኖው የመጣው በረዶው መቅለጥ በጀመረ ሰሞን ነው። ከእኛ ወጣ ብሎ ያለ አንድ የገጠር ትምህርት ቤት ተማሪ አጥቶ ተዘግቶ፣ ፒያኖውን ተሸክሞ የሚሄድ ካለ ይውሰደው ተባለ። አባቴ ዋሲል የእህል ጎተራ ሠራተኛ ነው፤ ጓደኞቹን ሰብስቦ በእህል መኪና ጭኖት መጣ። አራት ወንዶች እየተሰዳደቡ በጠባቡ በር አስገብተው ሳሎን ውስጥ ገተሩት። መንትዮቹ ወንድሞቼ በአራት እጅ ሊደበድቡት ሲሮጡ እናቴ ከወጥ ቤት ወጥታ ማንም እንዳይነካው አለች። እሺ፣ ለእኛ ካልሆነ ለማን ነው? ለእሷ ነው እንዳልል አንድም ዘፈን አልተጫወተችበትም።

የምታደርገው ሌላ ነበር። የፒያኖውን የፊት ሳንቃ አውልቃ አንጀቱን ትዘረግፈዋለች። ረጅም ቀይ የሱፍ ጨርቅ በክሮቹ መሃል ትሰካለች። ከዚያ በጣት ከሚመቱት ነጫጭ መምቻዎች አንዱን ትጫናለች። ደግማ ትጫናለች። አሁንም ትጫናለች። አፏን ትንሽ ከፈት አድርጋ ግድግዳውን ታያለች፤ ግድግዳው ላይ ምንም የለም። ደግሞ አንድ ሹካ አላት፤ የምግብ ሹካ አይደለም፣ ሁለት ጣት ብቻ ያለው የብረት ሹካ። እሱን ጉልበቷ ላይ መታ አድርጋ ጆሮዋ ላይ ታስጠጋዋለች፤ አንዳንዴም እግሩን በጥርሷ ትነክሰዋለች። ክፍላችን ውስጥ ጉልበቷን በሹካ የምትመታ እናት ያለችው ልጅ እኔ ብቻ ነበርኩ። ለማንም አልተነፈስኩም።

እኔ ከመወለዴ በፊት እናቴ ፒያኖ ቃኚ እንደነበረች ሰምቼ ነበር። ግን እንዲያው መስማት ብቻ ነው። እናቴ ለእኔ ከመጀመሪያው ጀምሮ ወጥ ቤት ያለች ሰው ነች፤ ከዚያ በፊት ሥራ ነበራት ሲሉኝ፣ ከዚያ በፊት ረጅም ሹሩባ ነበራት እንደማለት ነው የሚሰማኝ። ቃኚ ማለት ደግሞ ብዙ ዘፈን የሚያውቅ ሰው ይመስለኝ ነበር።

አሁን ሳስበው ያ ሁሉ የሆነው በፊቴ ነው፤ የተደበቀ ነገር አልነበረም። ብቻ ቁጭ አድርጎ ያስረዳኝ ሰው አልነበረም። እኛ ቤት ለልጅ የሚነገረው ጫማሽን አውልቂ፣ በሩን ዝጊ ነው እንጂ የአዋቂ ጉዳይ አይደለም። እናቴም ባይሳካላት ልጆቿ እንዳይሰሙ ትፈልግ ነበር። ይህን የነገረችኝ እኔ ራሴ ከወለድኩ በኋላ ነው።

ቀጥሎ ዝምታው መጣ። ከእራት በኋላ አባቴ መንትዮቹንና ውሻውን ይዞ ይወጣል፤ ጭቃ ነው፣ ብርድ ነው፣ ግን ይወጣል። እኔ ልጆቹን ከታማሚዋ እያራቃቸው ነው አልኩ። አንድ ቀን ደግሞ እናቴ የሳሎኑን የግድግዳ ሰዓት አውርዳ፣ በፎጣ ጠቅልላ፣ መታጠቢያ ቤት ወስዳ በር ስትዘጋበት አየኋት። ሰዓቱ ምን አደረጋት? በልቤ የባባን ሻሽ አስታወስኩ።

ቁልፉን ያገኘሁት በዚያው ሳምንት ነው። ከትምህርት ቤት ስመለስ እናቴ ሳሎን ውስጥ ያንን አንድ ድምፅ ትመታለች። ወተት ልቀዳ ፍሪጁን ከፈትኩ። ከእርጎው ዕቃ አጠገብ፣ በቅቤው ላይ ጋደም ብሎ፣ እናቴ የምትይዘው የመኪናችን ቁልፍ። ቀዝቅዟል። የፍሪጁ መብራትም አልበራም፤ አምፖሉ ተቃጥሎ ይሆናል ብዬ ነገሬ አላልኩትም። እጄ ላይ ይዤው ቆምኩ። ባባንም እንዲህ በዕቃ፣ በቁልፍ ነበር የጀመራት።

ማልቀስ ነበረብኝ፤ አላለቀስኩም። አባቴ ቢያየው አክስቴ ስቴላ ትሰማለች፣ እሷ ከሰማች ሐኪሙ ይጠራል፣ ሐኪሙ ከመጣ ሻንጣ ይዘጋጃል። ስለዚህ ቁልፉን በቀሚሴ ጠረግኩና በሩ አጠገብ ካለው ሚስማር ላይ ሰቀልኩት፤ ሁልጊዜ የሚሰቀልበት ቦታ ነው። ማታ እናቴ ለእራት ፍሪጁን ከፍታ ስታበቃ አባቴን ቁልፉን አንተ ነህ እንዴ ያወጣኸው ብላ ስትጠይቀው ሰማሁ። እሱ ከየት አወጣዋለሁ አላት። በሚቀጥለው ሳምንት ቁልፉን እዚያው አገኘሁት፤ እንደገና ሰቀልኩት። እናቴን ከመወሰድ እያዳንኳት ነው ብዬ ልቤ በኩራት ተነፋ።

የፋሲካ ሰሞን አክስቴ ስቴላ የዳቦ መጋገሪያ ልትዋስ መጣች። ከአባቴ ጋር በረንዳው ላይ ቆሙ፤ እኔ ከውስጥ የጫማ መደርደሪያውን አስተካክላለሁ፣ ለመስማት እንዲመቸኝ ደጋግሜ።

"አሥራ አንድ ዓመት እኮ ነው ዋሲል" አለች። "አንዴ ከሄደ ሄደ ነው።"

"አንዳንድ ቀን ይመለስላታል። አንዳንድ ቀን ደግሞ ድርሽ አይልም። ትናንት ስታለቅስ ነው ያመሸችው።"

"ሽማግሌው መቼ ነው የሚመጣው?"

"ቅዳሜ። ፈትኗት የሚወስነውን ይወስናል።"

"ልጆቹስ?"

"እንዳትነግሯቸው ብላለች።"

እኔ ጫማውን እንደያዝኩ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ሽማግሌው። ፈተናው። ውሳኔው። በሽታው አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል ከተባለ እኔ ከመወለዴ በፊት የጀመራት ነው፤ እስካሁን እኛን እያሳደገች ችላው ኖራለች ማለት ነው። ይህን ሳስብ አዘንኩላት፤ ወንድሞቼን የደበደብኩበት ቀን፣ ሾርባ አልበላም ያልኩበት ቀን ሁሉ ትዝ አለኝ።

ሄደ ያሉት ጆሮዋን ነበር። ሽማግሌውም የአካባቢውን ትምህርት ቤቶችና ቤተ ክርስቲያናት ፒያኖ ሁሉ ዕድሜውን ሙሉ ሲቃኝ የኖረው ኖርዌጂያዊው ሚስተር ሃልቮርሰን ነበር፤ እናቴን በልጅነቷ ሥራውን ያስተማራት እሱ ነው። ጡረታ ሊወጣ ነውና ደንበኞቹን የሚያስረክበው ሰው ይፈልጋል። አሥራ አንድ ዓመት ዳይፐር ስትቀይርና እናቷን ስታስታምም የኖረች ሴት ደግሞ መጀመሪያ በጆሮው ካልሰማት አያምናትም። ሌላ ሥራ ከቤታችን ዙሪያ አልነበረም፤ ሌላ ሥራም አትፈልግም ነበር። እናቴ ያን ሰሞን ምን ያህል እንደፈለገችው የገባኝ በራሴ ደርሶ ነው። ልጆቼን አሳድጌ ወደ ሆስፒታሉ ላቦራቶሪ የተመለስኩ ቀን፣ መኪና ማቆሚያው ውስጥ ቆሜ የደወልኩት ለእሷ ነበር። "ይመለሳል" አለችኝ፤ "ግን መጀመሪያ ያስለቅስሻል።"

የእኛ ፋሲካ በዚያ ዓመት ከሌላው ሰው ፋሲካ አምስት ሳምንት ዘግይቶ ነበር የዋለው። ሚስተር ሃልቮርሰን የራሱን ፋሲካ በልቶ ረስቶታል፤ ቅዳሜ እመጣለሁ ሲል የእኛ የስቅለት ማግስት መሆኑን አላወቀም፣ እናቴም በዓል ነውና ሌላ ቀን ይሁን ለማለት አልደፈረችም። ስለዚህ ሐሙስ ዕለት ሥራውን ሁሉ አጣድፋ ጨረሰች። ካሙ የተባለው የአሳማ ሥጋ፣ ቋሊማው፣ ቅቤው፣ አይቡ፣ እሑድ ንጋት ላይ በቅርጫት ተይዞ ቤተ ክርስቲያን የሚባረከው ሁሉ ፍሪጅ ውስጥ ገባ። ከሰዓት በኋላ ፒያኖው ላይ ተቀመጠች። እኔም ፍሪጁን ከፍቼ ካሙ ላይ ያገኘሁትን ቁልፍ አውጥቼ ሚስማሩ ላይ ሰቀልኩ። ያኔ ለምጄዋለሁ። ማታ መንትዮቹን ከአክስቴ ቤት ልታመጣ ስትጣደፍ ቁልፉን ከሚስማሩ ላይ መንጭቃ ወጣች።

ዓርብ ስቅለት ነው። በስቅለት ቀን በእኛ ዘንድ ፍሪጅ የሚከፍት ሰው የለም። ምን ሊያወጣ? ሥጋ አይበላ፣ ወተት አይጠጣ። ቀኑን በቤተ ክርስቲያን ዋልን፤ ማታ ደረቅ ዳቦና ድንች በልተን ተኛን። ቅዳሜ ጠዋት አባቴ ቅርጫቱን ሊያሰናዳ ፍሪጁን ሲከፍት ሽታው እኔ ያለሁበት ፎቅ ድረስ መጣ።

ስወርድ እናቴ ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ተቀምጣ አገኘኋት፤ ጀርባዋን ለቁም ሳጥኑ ሰጥታ፣ የስልኩን መነጋገሪያ ጆሮዋ ላይ ይዛ። አባቴ መንትዮቹን እየጎተተ ወጥቷል፤ ከአክስቴ ቤት ትርፍ ሥጋ ሊለምን። በስልኩ ወዲያኛው ጫፍ ያለችውም አክስቴ ነበረች።

"ቁልፉን ፍሪጁ ውስጥ ነው ያስቀመጥኩት ስቴላ፤ እርግጠኛ ነኝ" ትላለች። "ያገኘሁት ሚስማሩ ላይ ነው። ሦስተኛ ጊዜዬ ነው እኮ። እማዬንስ እንዲህ አልነበር የጀመራት?" ትንሽ አዳመጠችና፣ "አይ። ደውዬለት እንዳይመጣ እነግረዋለሁ። ጆሮዬ ቢመለስ ጭንቅላቴ ከሌለ ምን ያደርግልኛል?"

እኔ ግን ከዚህ ሁሉ የሰማሁት አንድ ነገር ብቻ ነው። ሽማግሌው ላይመጣ ነው። እሰይ አልኩ በልቤ። ቀና ብዬ ፊቷን ሳየው ግን ደስታዬ ውኃ ሆነ። እናቴን እንዲያ ሆና አይቻት አላውቅም፤ ባባን ለመኖሪያው አስረክባ የተመለሰችም ቀን እንኳ እንዲያ አልነበረችም። ለሽማግሌው ቤት ደወለች። ሚስቱ አነሣች። ከአንድ ሰዓት በፊት ወጥቷል፣ አሁን ደጃችሁ ሳይደርስ አይቀርም አለቻት።

እናቴ ስልኩን ሰቅላ እንደ ምንም ተነሣች። ፀጉሯን በእጇ ታስተካክላለች። ጊዜ አልነበረም፤ እኔም የማውቀውን ሁሉ ልሰጣት ወሰንኩ። እጇን ያዝኳትና በሹክሹክታ ጀመርኩ።

"እማዬ፣ ዛሬ ቅዳሜ ነው። ኤፕሪል ሃያ ዘጠኝ። ዓመቱን ከጠየቀሽ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ ስምንት በዪ። የጠቅላይ ሚኒስትሩን ስም ከረሳሽው ወደ እኔ እዪ፣ በከንፈሬ እነግርሻለሁ።"

"ማነው የሚጠይቀኝ?"

"ሐኪሙ።"

"የምን ሐኪም ዳርካ?"

"አይዞሽ። የቁልፉን ነገር ማንም አያውቅም። ፍሪጅ ውስጥ ባገኘሁት ቁጥር እያወጣሁ ሚስማሩ ላይ ሰቅዬዋለሁ። ለአባዬም አልተናገርኩም።"

እጄን አልለቀቀችውም። እንደሚቆጥር ሰው ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል።

"አንቺ ነሽ?" አለች። "ዳርካ፣ የሰቀልሽው አንቺ ነሽ? ሦስቱንም ጊዜ?"

"ሦስቱንም።"

ልትቆጣ ነው ብዬ ትከሻዬን ሰበሰብኩ። እናቴ ግን መልሳ ወለሉ ላይ ቁጭ አለችና ሳቀች። ሳቁ አልቆም አላት። እኔን ጎትታ ደረቷ ላይ ለጠፈችኝ፤ ሳቋ መሃል ላይ ወደ ለቅሶ ዞረ፣ ተመልሶ ሳቅ ሆነ፤ አንገቴ በእንባዋ ረጠበ። "እኔ እኮ አበቃልኝ ብዬ ነበር" ትላለች፤ "አንቺ ሰይጣን፣ አንቺ የኔ ማር፣ እኔ እኮ አበቃልኝ ብዬ ነበር።" ለካ በዚያ ቤት ውስጥ እኔ የፈራሁትን ያንኑ ነገር ስትፈራ የከረመች ሌላ ሰው ነበረች። እኔ እሷን ሳድን እሷ ሌሊቱን ሙሉ ጣሪያ ስታይ ታድራለች።

ከዚያ እንባዋን በመጎናጸፊያዋ ጠርጋ ወደ ፍሪጁ ወሰደችኝና ሶኬቱን ሰካችው። "ስሚ" አለች። ፍሪጁ ተንቀጠቀጠና እምምም ማለት ጀመረ። በሕይወቴ ሁሉ ከእኔ ጋር የኖረ ድምፅ ነው፤ ያን ቀን ግን የመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁት።

"ይኸ ቀኑን ሙሉ ያንጎራጉራል" አለች። "እኔ የምፈልገው ድምፅ ከሥሩ ነው ያለው፤ በጣም ትንሽ ነው፤ ይሸፍንብኛል። ስለዚህ ሶኬቱን እነቅላለሁ። እንዳልረሳው ደግሞ ቁልፌን ውስጡ አስቀምጣለሁ። ያለ ቁልፍ የትም አልሄድም አይደል? ላወጣው ስከፍት ሶኬቱ ትዝ ይለኛል። ቃኚ ሁሉ የሰው ቤት ሲገባ እንዲህ ነው የሚያደርገው፤ አለዚያ የሰው ወተት ስናበላሽ እንኖር ነበር።"

"ሰዓቱስ?"

"እሱም ያወራል።"

"ሹካውስ?"

ሹካውን፣ መነሻ ድምፁን የምትይዝበትን፣ ከኪሷ አውጥታ ጉልበቷ ላይ መታችና እግሩን ከጆሮዬ ኋላ ካለው አጥንት ላይ አስደገፈችው። ጭንቅላቴ ውስጥ አንድ ቀጭን ድምፅ በራ። ይህን ነገር በቃላት ልገልጸው ብዙ ጊዜ ሞክሬ አልሆነልኝም። አፌን ከፍቼ ግድግዳውን ማየቴን ያወቅሁት ስትስቅብኝ ነው።

ሚስተር ሃልቮርሰን የመጣው በዚህ መሃል ነው። ረጅም፣ ጎንበስ ያለ፣ ከጆሮው ውስጥ ነጭ ፀጉር የበቀለ ሽማግሌ። ጫማውን በር ላይ አወለቀ። የተበላሸው ካም ሽታ ቤቱን ሞልቶታል፤ እሱ ግን አፍንጫ እንደሌለው ሰው ቀጥ ብሎ ሳሎን ገባና ወንበር ላይ ተቀመጠ። ሲበዛ ቁጥብ ሰው ነበር። ፍሪጁን ነቅለሻል ወይ ብሎ ጠየቃት። አሁን እነቅላለሁ አለችው። ቁልፍሽስ አላት። እናቴ እኔን አየት አድርጋ፣ ውስጥ አስቀምጠዋለሁ፣ ዛሬ ደግሞ ጠባቂ አለው አለችው። እሱ ቀልዱ አልገባውም፤ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ጨፈነ።

እናቴ ከመሃል ጀመረች። እኔ አጠገቧ እንድቀመጥ ተፈቀደልኝ። እያንዳንዱ መምቻ ሦስት ሦስት ክር አለው፤ አንዱን በጎማ ሽብልቅ ታፍነዋለች፣ ሁለቱን ትመታለች፣ በመፍቻዋ በትንሹ ታጠብቃለች። መጀመሪያ ምንም አልሰማሁም። እሷ ጠጋ ብላ፣ ሁለቱ ክሮች ካልተስማሙ ድምፁ ይወዛወዛል፣ እሱን ያዢ አለችኝ። ያዝኩት። ዋዋዋዋ ይላል፤ በድምፁ ሆድ ውስጥ። መፍቻዋን ስትስበው ዋ… ዋ… እያለ ዘገየ፣ ከዚያ ውዝዋዜው ጠፋና ድምፁ ቀጥ ብሎ ቆመ። ሁለቱ ክሮች አንድ ሆኑ። ቀና ብዬ አየኋት። እናቴ እነዚያን ሳምንታት ሁሉ ግድግዳው ላይ ስታየው የነበረው ይህ ነው። ነበር። በእውነት ነበር።

ብዙ ሰዓት ፈጀ። ሽማግሌው አንዳንዴ ጣቱን ያነሣል፤ እናቴ ወደ ኋላ ትመለሳለች። አንድ ጊዜ ተይው፣ ትክክል ነበርሽ አላት። ፀሐይዋ ከፒያኖው ወደ ወለሉ ወረደች። አባቴና መንትዮቹ ሥጋ ይዘው ተመልሰው በመስኮት አዩንና ብርድ ላይ መኪናው ውስጥ ተቀምጠው ጠበቁ። ያን ቀን የጠበቀውን ያህል አባቴ በሕይወቱ ማንንም አልጠበቀም፤ ነፍሱን ይማረው፣ እኔም አልረሳለትም።

እናቴ በቀኝ በኩል ወዳሉት ቀጫጭን ድምፆች ስትደርስ ሽማግሌው ዓይኑን ገለጠ። እስከ መጨረሻው ቃኝታ መፍቻዋን አስቀመጠችና እጇን ጭኗ ላይ አሳረፈች። እሱ መነጽሩን ወልውሎ መልሶ አደረገ። እሷም የወደቀች መሰላት፤ አንገቷ ላይ ያለው ሥር ሲመታ አየሁት።

"እስከዚህ ድረስ" አለ በመጨረሻ፣ ከፒያኖው ቀኝ ጫፍ መለስ ብሎ አንዱን መምቻ በጣቱ እየነካ፣ "የራሴ ሥራ ነው የመሰለኝ። ከዚህ ወዲያ ያሉትን ግን አልሰማቸውም ኦሪስያ። ጠፍተውብኛል። ሥራ የማቆመው ለምን መሰለሽ? ለሰው አልተናገርኩም፤ አንቺም አትናገሪ።"

እናቴ እንደማትናገር ነገረችው።

"ማክሰኞ የሮዝ ሂል ትምህርት ቤት ይጠብቀኛል" አለ። "እኔን አይተው ነው አንቺን የሚቀበሉት። ላይኞቹ ቀጫጭን ድምፆች ከተዛነፉ ሳላውቅ ነው ስሜ የሚጠፋው። ልክ ከሆኑ ማክሰኞም ያንቺ ነው፤ ሌላውም ሁሉ ያንቺ ነው።" ወደ እኔ ዞረ። "አንቺ ትንሿ፣ ጆሮሽ ስንት ዓመቱ ነው?"

"አሥር።"

"ነይ እዚህ ቁሚ። እናትሽን አትመልከቺ። የምትሰሚውን ብቻ ነው የምትነግሪኝ፤ አንድ ነው ወይስ ሁለት?"

መፍቻውን አንሥቶ አንዷን ክር ሆን ብሎ በጥቂቱ አላላትና መታት። ድምፁ እንደ ትንኝ ተንቀጠቀጠ። "ሁለት" አልኩ። ራሱን ነቀነቀ፤ መልሳ እንድታስተካክላት መፍቻውን ለእናቴ ሰጣት። ከዚያ እሱ ራሱ በአንድ ጣቱ፣ ከዚያች መምቻ ጀምሮ ወደ ቀኝ፣ እያንዳንዱን ይመታ ጀመር። የማይሰማውን እየመታ የሚያየው የእኔን ፊት ነው። አንድ እላለሁ። አንድ። አንድ። ከኋላዬ የእናቴ ትንፋሽ ቆሟል።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው ስለ እናቴ ጆሮ ነግሮኛል። እሷ የቃኘችውን ፒያኖ ተጫውተው ያደጉ ልጆች ዛሬ ሽማግሌ እየሆኑ ነው። እኔ ግን የማመሰግናት ለጆሮዋ አይደለም፤ ያ ነገር እየጠፋባት፣ እኛን ስታሳድግ የኖረችባቸውን እነዚያን ዓመታት አንድ ቀን እንኳ በእኛ ላይ ስላልቆጠረችብን ነው። አለፍ ብዬም አመሰግናታለሁ፤ ፈርታ ፈርታ፣ ግን ስለተመለሰች።

የመጨረሻዋ ቀረች፤ ከሁሉም ቀጭኗ። ሚስተር ሃልቮርሰን ጣቱን አሳርፎባት ትንሽ ቆየ። እኔ በዚያች ቅጽበት ልቤን አወቅሁት። ሁለት ቢሆንም አንድ ነው እላለሁ፤ ሲኦል ብገባም እላለሁ፤ ለእናቴ ስል ለመዋሸት ቆርጬ ነበር። መታት።

ሰማሁ። እስኪጠፋ ድረስ ሰማሁ።

"አንድ ነው" አልኩት፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ መዋሸት አላስፈለገኝም።